የራጁ ደረጃና የጉልበቱ ሕመም፦ የኬልግረንና የሎረንስ መለኪያ በሂስ ዐይን

ኦስቲዮአርትራይተስ ከመገጣጠሚያ በሽታዎች ሁሉ በብዛቱ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘ ነው። የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት እንዳመለከተው እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚህ በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር ወደ 595 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ የሚያሠቃይ በሽታ በሕመምተኛው ካርድ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙውን ጊዜ በአንዲት አጭር ሐረግ ነው። «ኬ.ኤል. ደረጃ 3» ተብሎ ይጻፍና ካርዱ ይዘጋል። ይህች ሐረግ ከየት መጣች? ምን ትነግረናለች? ምንስ ልትነግረን አትችልም? በየዕለቱ የምንገለገልበትን መሣሪያ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ መመርመር ተገቢ ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ የኬልግረንንና የሎረንስን ሥራ እንደ አንድ ድርሰት አንብቦ ብርታቱንና ድክመቱን ለመመዘን ይሞክራል። ዓላማው ሥራውን ለማጣጣል አይደለም። መለኪያው የተሠራው በሕዝብ መካከል ያለውን በሽታ ለመቁጠር ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን የአንድን ሰው ሕመም ለመዳኘት እንደምንጠቀምበት ለማሳየት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው እንዴት ተወለደ?

ጆናስ ኬልግረንና ጆን ሎረንስ በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር ከተማ የሠሩ የቁርጥማት በሽታዎች ሐኪሞች ነበሩ። በ1952 በድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ላይ ያደረጉት የራጅ ጥናት ታትሞ ነበር። እንዲህ ያለ የብዙ ሰዎች ጥናት አንድ ችግር ያስነሣል፤ ሁለት ሐኪሞች አንድን ፊልም አይተው ሁለት የተለያየ ፍርድ ከሰጡ ቆጠራው ትርጉም ያጣል። በ1957 የቁርጥማት በሽታዎችን በሚመለከተው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ደራስያኑ በፊልም ላይ የሚፈለጉትን ምልክቶች ለይተው አስቀመጡ። እነርሱም በመገጣጠሚያው ጠርዝ የሚበቅለው የአጥንት ጉጥ፣ ማለትም ኦስቲዮፋይት፣ የመገጣጠሚያው ክፍተት መጥበብ፣ ከልም አጥንቱ ሥር ያለው አጥንት መጠጠር፣ በአጥንቱ ውስጥ የሚታዩ ትንንሽ ሲስት መሰል ቀዳዳዎች፣ እንዲሁም የአጥንቱ ጫፍ ቅርጽ መለወጥ ናቸው። እነዚህንም በማጣመር ከ0 እስከ 4 የሚደርስ ደረጃ አበጁ፦ የለም፣ አጠራጣሪ፣ አነስተኛ፣ መካከለኛ፣ ከባድ። በሽታው በርግጥ አለ የሚባለው ከደረጃ 2 ጀምሮ ነው። በ1961 የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያውን ለሕዝብ ጥናት ተቀበለው፤ በ1963 ደግሞ ለማመሳከሪያ የሚሆኑ ፊልሞችን የያዘ አትላስ ታተመ።

የዚህን ሥራ ብርታት መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። አንደኛ፣ ቀላል ነው፤ ተራ የራጅ መሣሪያ ባለበት ስፍራ ሁሉ ይሠራል። ሁለተኛ፣ በተለያዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች ተቀራራቢ ቋንቋ እንዲናገሩ አስችሏል። ሦስተኛ፣ ደራስያኑ የተመልካቾችን አለመስማማት አልሸሸጉም፤ እንዲያውም የጽሑፋቸው መነሻ አድርገውታል። ከስድሳ ዓመታት በላይ ከጥቅም ሳይወጣ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

የደረጃዎቹ ቃላት ሲመረመሩ

ይሁን እንጂ መለኪያው ቁጥር ቢለብስም በውስጡ ያለው ቃል ነው። በተለምዶ በምንጠቀምበት አገላለጽ ደረጃ 1 «አጠራጣሪ» የክፍተት መጥበብና «ሊሆን የሚችል» የአጥንት ጉጥ ነው። ደረጃ 2 «እርግጠኛ» ጉጥና «ሊሆን የሚችል» መጥበብ ነው። ደረጃ 3 ደግሞ እርግጠኛ መጥበብ፣ መካከለኛ መጠን ያላቸው በርካታ ጉጦችና ጥቂት መጠጠር ይጨምራል። «አጠራጣሪ» ከ«ሊሆን የሚችል» በምን ይለያል? «ሊሆን የሚችል» የሚለውስ በየትኛው ሚሊሜትር ላይ «እርግጠኛ» ይሆናል? መልሱ በተመልካቹ ልምድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2008 የወጣ አንድ ግምገማ እንዳሳየው፣ ታላላቅ የሚባሉ ጥናቶች እንኳ ደረጃዎቹን የገለጹት በአንድ ዓይነት ቃል አልነበረም። አንድ ስም ይዘው የተለያየ ነገር የሚለኩ ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ድክመት መለኪያው በውስጡ የያዘው ታሪክ ነው። ደረጃዎቹ በሽታው አንድ መንገድ ብቻ እንዳለው አድርገው ይተርካሉ፤ አስቀድሞ ጉጥ ይበቅላል፣ ቀጥሎ ክፍተቱ ይጠብባል፣ በመጨረሻም አጥንቱ ቅርጹን ያጣል። ነገር ግን ክፍተቱ በግልጽ ጠብቦ ጉጥ የማይታይበት ጉልበት አለ። እንዲህ ያለው ጉልበት በመለኪያው ውስጥ ምቹ ስፍራ የለውም። በአንጻሩ በሌላ ረገድ ጤናማ በሆነ አረጋዊ ጉልበት ላይ የታየች አንዲት ጉጥ «በሽታው አለ» ለማሰኘት ትበቃለች።

ሦስተኛው ድክመት የቁጥሩ አሳሳችነት ነው። ከ1 ወደ 2 ያለው ርቀትና ከ3 ወደ 4 ያለው ርቀት እኩል አይደሉም። በደረጃ 3 ውስጥ ብቻ እንኳ ገና መጥበብ የጀመረ ክፍተትና ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ክፍተት አብረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የአንድ ሕመምተኛ ደረጃ ለዓመታት 3 ሆኖ ቢቆይ በሽታው ቆሟል ማለት አይደለም፤ ከ2 ወደ 3 ቢሻገርም ሕመሙ በግማሽ ጨመረ ማለት አይደለም።

ራጅ የሚያየውና የማያየው

ከቃላቱ ባሻገር መሣሪያው ራሱ ወሰን አለው። ራጅ ልም አጥንትን አያሳይም። የምናየው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ባዶ የሚመስል ስፍራ ነው፤ ከዚያ ተነሥተን የልም አጥንቱን ውፍረት እንገምታለን። በጉልበት ውስጥ ግን ያን ስፍራ የሚሞላው ልም አጥንት ብቻ አይደለም፤ ሜኒስከስም አለ። ሜኒስከሱ ተቀዶ ወይም ከስፍራው ወደ ውጭ ተገፍቶ ከሆነ ልም አጥንቱ ሳይሳሳም ክፍተቱ ሊጠብ ይችላል።

የአነሣሡ ሁኔታም ፍርዱን ይለውጠዋል። ሕመምተኛው ተኝቶ የተነሣ የጉልበት ራጅ የሰውነት ክብደት ስለማያርፍበት ክፍተቱን ከእውነቱ አስፍቶ ያሳያል። ስለዚህ የጉልበት ራጅ ቆሞ መነሣት ይኖርበታል። በ1988 ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ጉልበት በ45 ዲግሪ ታጥፎ፣ ሰውየው ቆሞ ከኋላ ወደ ፊት ሲነሣ፣ ቀጥ ብሎ በተነሣው ፊልም ላይ የተሰወረ መጥበብ ይገለጣል። ከፊት ብቻ የተነሣ ፊልም ደግሞ በጉልበት ሎሚና በጭን አጥንት መካከል ያለውን መገጣጠሚያ አያሳየንም። ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ወይም ከዝቅተኛ በርጩማ ሲነሡ የሚያም ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚታመመው እዚያ ስለሆነ የጎን ወይም የሎሚ አቅጣጫ ፊልም ያስፈልገዋል። አነሣሡ ያልተጻፈበት የራጅ ውጤት እንግዲህ ግማሽ ውጤት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ራጅ ሕመሙ የሚነሣበትን ስፍራ በሚገባ አያሳይም። ልም አጥንት ነርቭም የደም ሥርም የለውም፤ ስለዚህ በራሱ አያምም። ሕመሙ የሚነሣው ከሥሩ ካለው አጥንትና ከመቅኒው፣ ከሲኖቪየም፣ ከመገጣጠሚያው ከረጢትና በዙሪያው ካሉት ሕብረ ሕዋሳት ነው። በ2001 ፌልሰንና ባልደረቦቹ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ባላቸው 401 ሰዎች ላይ ባደረጉት የኤም.አር.አይ. ጥናት፣ የመቅኒ ጉዳት የተገኘው ሕመም ካላቸው ሰዎች በ77.5 በመቶ፣ ሕመም ከሌላቸው ደግሞ በ30 በመቶ ላይ ነው። ይህ ጉዳት በተራ ራጅ ላይ አይታይም። ዛሬ ኦስቲዮአርትራይተስን «የልም አጥንት በሽታ» ከማለት ይልቅ «የመላው መገጣጠሚያ በሽታ» የምንለው በእንዲህ ያሉ ግኝቶች ምክንያት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ሁሉንም ወደ ኤም.አር.አይ. መላክ ነውን? አይደለም። በ2012 ጉዌርማዚና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆነና በራጅ አንዳችም የኦስቲዮአርትራይተስ ምልክት ያልታየባቸውን 710 ሰዎች በኤም.አር.አይ. መረመሩ። ከእነዚህ 89 በመቶው ቢያንስ አንድ ዓይነት ለውጥ ተገኘባቸው። ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ከ90 እስከ 97 በመቶ፣ ከማያማቸውም ከ86 እስከ 88 በመቶ የሚሆኑት ለውጥ ነበረባቸው። በሚያመውም በማያመውም ጉልበት ላይ በተቀራራቢ መጠን የሚገኝ ግኝት ሕመሙን ሊያስረዳ አይችልም። የምስሉ ጥራት በጨመረ ቁጥር የምናየው ለውጥ ይበዛል፤ የሕመምተኛው ነገር ግን የዚያኑ ያህል አይገለጥልንም።

ምስሉና ሕመሙ ተለያይተዋልን?

ቤድሰንና ክሮፍት በ2008 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ገምግመዋል። ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ሰዎች መካከል በራጅ ኦስቲዮአርትራይተስ የታየባቸው ከ15 እስከ 76 በመቶ ነበሩ። በራጅ ከታየባቸው መካከል ደግሞ ሕመም ያላቸው ከ15 እስከ 81 በመቶ ነበሩ። እንዲህ የተራራቀ ውጤት ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ራጅ ከንቱ ነው» ወደሚል መደምደሚያ ሊሮጥ ይችላል።

ይህም ቢሆን ስሕተት ነው። በ2009 ኒዮጊና ባልደረቦቿ ጥያቄውን በሌላ መንገድ አነሡት። አንዱን ሰው ከሌላው ሰው ጋር ከማነጻጸር ይልቅ በአንድ ሰው ላይ ያሉትን ሁለት ጉልበቶች አነጻጸሩ፤ አንዱ የሚያም፣ ሌላው የማያም ወይም እምብዛም የማያም። እንዲህ ሲደረግ የሰዎች የሕመም ስሜት፣ የኑሮና የአእምሮ ሁኔታ ልዩነት ከመንገድ ይወገዳል። ያን ጊዜ የራጁ ደረጃና ሕመሙ በጥብቅ የተያያዙ ሆነው ተገኙ፤ በተለይም የክፍተት መጥበብ ከጉጥ ይበልጥ ከሕመም ጋር ተዛምዶ ታየ። ስለዚህ ምስሉ ሐሰተኛ ምስክር አይደለም። ሕመምን የሚወስኑት ነገሮች ብዙ በመሆናቸው፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ስንሻገር የምስሉ ድምፅ በሌሎቹ መካከል ይዋጣል እንጂ።

የሚያስገርመው፣ ይህን አስቀድመው የሚያውቁት ደራስያኑ ራሳቸው መሆናቸው ነው። ኬልግረን በ1938 የጨው ውኃን ወደ ጡንቻ በመርፌ በማስገባት ሕመም ከተነሣበት ስፍራ ርቆ ሊሰማ እንደሚችል ያሳየ ተመራማሪ ነበር። ሎረንስም በ1966 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በሕመም ምልክቶችና በራጅ ለውጦች መካከል ያለውን ዝምድና በሕዝብ ውስጥ አጥንቶ አሳትሟል። ምስልና ሕመም አንድ ናቸው ብለው አላስተማሩም። መለኪያውን ከቆጠራ መዝገብ አውጥተን በፍርድ ወንበር ላይ ያስቀመጥነው እኛ ተጠቃሚዎቹ ነን።

ደረጃው ወደ አማርኛ ሲመለስ

የጉዳዩ ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በምርመራ ክፍላችን ውስጥ ነው። ለምሳሌ አንዲት የ58 ዓመት እናት ሲራመዱ ጉልበታቸውን እያመማቸው ወደ ሕክምና መጡ እንበል። ራጅ ይነሣሉ፤ በእንግሊዝኛ «ዲጀነሬቲቭ ቼንጅ» የሚል ውጤት ይመጣል። ባለሙያው ፊልሙን ወደ ብርሃን ያነሣና «እማማ፣ ጉልበትዎ አልቋል» ይላቸዋል። «አልቋል»፣ «ተበልቷል»፣ «ደርቋል» የሚሉት ግሦቻችን ሁሉ የተፈጸመን ነገር የሚናገሩ ናቸው፤ ለሕክምናም ለተስፋም በር አይተዉም። እኚህ እናት ከዚያ በኋላ ያለቀ ነገር እንዳይሰበር ይጠነቀቃሉ። ገበያ መሄድ ይቀንሳሉ፣ ስግደቱን ይተዋሉ፣ ቤት ይውላሉ። የጭናቸው ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ክብደታቸው ይጨምራል፣ ሕመሙም ይብሳል። በሽታው ካደረሰባቸው ጉዳት ላይ ቃላችን የራሱን ጨመረበት ማለት ነው።

ሌላም ግራ መጋባት አለ። በሕዝባችን ዘንድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ሪህ» ወይም «ብርድ» ይባላል፤ ኦስቲዮአርትራይተስም ከአጥንት መሳሳት ጋር ይቀላቀልና ሕመምተኛው ካልሲየም እንዲታዘዝለት ይጠይቃል። ኦስቲዮአርትራይተስ የአጥንት መሳሳት አይደለም፤ እንዲያውም በራጅ ላይ ከልም አጥንቱ ሥር ያለው አጥንት ጠጥሮ ነጥቶ ይታያል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከባለሙያው የሚጠበቅ ነው።

ለዚህች እናት እውነቱን ሳንሸሽግ ልንላቸው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፦ «እማማ፣ በመገጣጠሚያዎ ላይ ለውጥ አለ፤ ሥራውን ግን አላቆመም። ጡንቻዎ ሲጠነክር ጉልበትዎ ይታገዛል፤ መራመድ አይጎዳዎትም።» ይህ ባዶ ማጽናኛ አይደለም። በ2005 በወጣው የሜሲየርና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ከሰውነት ክብደት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። በቀን ውስጥ በሚደረገው የእርምጃ ብዛት ሲባዛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መቼ ራጅ እንዘዝ?

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና የእንክብካቤ ልሕቀት ተቋም በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜው 45 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለውና የጠዋት መተሳሰር የሌለበት ወይም መተሳሰሩ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ሰው ያለ ምስል ምርመራ ኦስቲዮአርትራይተስ አለበት ሊባል ይችላል። ይህ መመሪያ የራጅ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለሚሠራ የጤና መኮንንና ነርስ ትልቅ ትርጉም አለው። ለምርመራው የሚያስፈልጉት ዐይን፣ ጆሮና እጅ ናቸው፤ ሕመምተኛው ለፊልም ብቻ ሲባል ሩቅ መንገድ እንዲጓዝ አይገደድም።

ራጅ የሚያስፈልገው ታሪኩና ምርመራው አልገጥም ሲሉ ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና በዕረፍት የማይሻል ሕመም፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የጋለና ያበጠ መገጣጠሚያ፣ ረጅም የጠዋት መተሳሰር፣ በአደጋ የመጣ ሕመም፣ በፍጥነት የሚባባስ ሁኔታ፣ እነዚህ ሁሉ ሌላ በሽታ እንድንፈልግ የሚያስገድዱ ናቸው። እንደ አገራችን የሳንባ ነቀርሳ በሚገኝበት ስፍራ የመገጣጠሚያ ነቀርሳ ሊዘነጋ አይገባም። በነቀርሳ ከመገጣጠሚያው አጠገብ ያለው አጥንት ይሳሳል፣ በጠርዙ ላይ መሸርሸር ይታያል፣ ክፍተቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠበው። በሩማቶይድ አርትራይተስ ክፍተቱ በሁሉም ወገን እኩል ይጠብባል፤ በኦስቲዮአርትራይተስ ግን ጫና በሚበዛበት ወገን ያደላል። ከዚህም ሌላ በጉልበት ላይ የሚሰማ ሕመም ከዳሌ ሊመጣ ስለሚችል ዳሌን ሳያንቀሳቅሱ የጉልበት ራጅ ማዘዝ «ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የተባለውን ያስታውሳል።

ደረጃው ከፍ ብሎ ስለተጻፈ ብቻ መርፌና ክኒን ማብዛትም ትክክል አይደለም። የሁሉም ሕመምተኞች ሕክምና መሠረቱ ማስረዳት፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና ካስፈለገ ክብደት መቀነስ ነው። መድኃኒት ሲያስፈልግ ለጉልበት በቅድሚያ የሚመረጠው በቆዳ ላይ የሚቀባ ፀረ ብግነት ነው። በአፍ የሚወሰዱት ፀረ ብግነቶች ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱና የደም ግፊትን ሊያስነሡ ስለሚችሉ በተለይ በአረጋውያን ላይ ጥንቃቄ ይሻሉ። በየጊዜው በጡንቻ የሚወጋ ዴክሳሜታዞን ለዚህ በሽታ ሕክምና አይደለም፤ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ የተሸሸገ ኢንፌክሽንንም ያዳፍናል። የመገጣጠሚያ ቅየራ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበውም የሕመሙና የእንቅስቃሴ ችግሩ ክብደት ታይቶ እንጂ የፊልሙ ቁጥር ብቻ ተነብቦ አይደለም።

ማጠቃለያ

የኬልግረንና የሎረንስ ሥራ በተሠራበት ዓላማ ሲመዘን ታላቅ ሥራ ነው። የሚጠየቀው ሊመልሰው የማይችለውን ስንጠይቀው ነው። በመሆኑም ውጤት የሚጽፉ ባልደረቦች ከቁጥሩ ጋር ያዩትን እንዲገልጹ ማሳሰብ ይገባል፦ ፊልሙ ቆሞ ወይስ ተኝቶ እንደተነሣ፣ በየትኛው ክፍል ክፍተቱ እንደጠበበ፣ የአጥንት መሳሳት ወይም መሸርሸር መኖር አለመኖሩን። ፊልም የሚያዝዙ ባልደረቦች ደግሞ በማዘዣው ላይ ጥያቄያቸውን ይጻፉ፤ «የጉልበት ራጅ» ብቻ ብሎ የላከ ሰው «ዲጀነሬቲቭ ቼንጅ» የሚል መልስ ቢመጣለት ሊደነቅ አይገባውም።

ውጤቱን ለሕመምተኛው የምንነግር ሁሉ ደግሞ ከፊልሙ በፊት ሕመምተኛውን እንይ። ምን ያህል ይራመዳል? ከመቀመጫው እንዴት ይነሣል? ጭኑ ሟሽሿል? ዳሌው ይዞራል? ምን መሥራት ፈልጎ አቃተው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከ0 እስከ 4 ያለው ቁጥር መልስ አይሰጥም። ሕመምተኛው ከክፍላችን ሲወጣ ይዞ የሚሄደው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን የተናገርነውንም ነው፤ ፊልሙ በኤንቨሎፕ ውስጥ ይቀራል፣ ቃላችን ግን ነገ ጠዋት ለመራመድ ወይም ላለመራመድ ሲወስን አብሮት ይሆናል።